የሁለት ሰው ዘብ

ንፋስ መውጫ፣ ማክሰኞ ጥር 28 ቀን 1966 ዓ.ም.

ባሌ ዛሬ ምሳ እየበላ ተኛ። በልቶ ተኛ አላልሁም፤ እየበላ ነው ያልሁት። እጁ ትሪው ላይ፣ ጉርሻው በጣቶቹ መካከል፣ ራሱ ግድግዳው ላይ። ጉርሻውን ቀስ ብዬ ወስጄ እኔ በላሁት። ጫማውን ላወልቅለት ማሰሪያውን ስፈታ «ቁም! ማነህ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ሚስትህ ነኝ» አልሁት። «እለፍ!» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ጫማውን ታቅፌ ትንሽ አለቀስሁ።

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን ልክ ልጽፍበት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና ሰው ሁሉ ሲለካ ቆሞ ጉዳዩን ይነግረኛል። እኔ ግን ለማን ልንገር? ለጎረቤቴ ለእትዬ ይታይሽ የነገሩት ነገር ሳይመሽ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ለደብተሩ ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥምቀት በኋላ ከባሌ ከደምሌ ጓዶች የሚበዙት ወደ ወሎ ወሰን ተወሰዱ። የቀሩት ስምንት ናቸው። ስምንቱ ለረሃብተኛው የመጣው ስንዴ ያለበትን መጋዘን፣ የካምፑን በርና የሬዲዮ ቤቱን ይጠብቃሉ፤ ድሮ ሃያ ሰው ይጠብቀው የነበረውን ማለት ነው። ከንጋት እስከ ንጋት ይቆማሉ፣ ግማሽ ቀን ቤት ይመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ደመወዙ ግን ያው የጥንቱ ነው። የብርድ ተብላ ትሰጥ የነበረችው አበልም ከገና ወዲህ ቀርታለች። የሁለት ሰው ዘብ፣ የአንድ ሰው ደመወዝ።

እኔ አልተቆጣሁም። ሃምሳ አለቃ ሳገባ ወታደር መሆኑን አውቅ ነበር።

እሑድ የካቲት 3

ደምሌ ከዘብ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ቅዳሴው ሲጋመስ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ተኛ። ቆሞ። አይወድቅም፤ እሱን እንኳ ጦሩ በደንብ አስተምሮታል። ወንጌል ሲነበብ አንዴ ነቃና ደረቱን ገልብጦ እንደ ሰልፍ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ተኛ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ያዝኑልኛላ።

ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ያዙኝ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ባልሽ እንደ ባሕታዊ ቆሞ ያድራል ሲሉ እሰማ ነበር። ዛሬ ቆሞ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ይኸ ደግሞ ከየትኛው ገዳም የመጣ ሥርዓት ነው?»

«ከመንግሥት ገዳም ነው» አልኋቸው።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ዝም አሉ። አጎቴ ዝም ሲሉ ነው የምፈራቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ይሻላል።

ማክሰኞ የካቲት 5

ቸኩያለሁ። የሙሽራ ቀሚስ አለብኝ፣ ቅበላ ደርሷል።

ወታደር ጥጋቡ ካፖርቱን ሊያስጠግን መጣ። የአምስት ልጆች አባት ነው፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ከደምሌ ይበልጣል፣ ማዕረግ ብቻ ሸሽቶታል። የካፖርቱ ቀኝ ትከሻ ጠመንጃው የሚንጠለጠልበት ቦታ አልቆ ገበሩ ወጥቷል። ግራው ደኅና ነው።

«አንዳንዴ በግራም ያዘው እንጂ፣ ጋሽ ጥጋቡ» አልሁት።

«እመይቴ፣ ግራው ለብቻው ደመወዝ ካልተቆረጠለት እንቢ አለኝ» አለ።

የጥገናውን ዋጋ አልተቀበልሁትም። ደምሌ ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ አልነግረውም ግን።

ዓርብ የካቲት 8

ጓዶቹ ደምሌን «ለመቶ አለቃው ንገርልን» ብለውት ነበር። ዛሬ ነገረ። መቶ አለቃ ሥዩም የሸዋ ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል፣ ጢሙ እንኳ ገና አልጠናለትም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማንም አይሰማኝም።

«ምን አለህ?» አልሁት ደምሌን።

«ወታደር ሰዓት አይቆጥርም አለኝ።»

«አንተስ?»

«አቤት አልሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰዓቴን ቆጥሬ ወደ ዘቤ ተመለስሁ።»

ተናደድሁ። «እንዲህ ነው ለሰው የሚሟገቱ?» አልሁት። ደምሌ ግን «እሱም ጨንቆታል፣ ሐረግ። የሰው ቁጥር እንጂ ሰው አልተሰጠውም» አለኝና ጋቢውን ተከናነበ። ይህ ባሌ ለማን ማዘን እንዳለበት አያውቅም። ላሰረው ገመድ ሳይቀር ያዝናል።

እሑድ የካቲት 10፣ ቅበላ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። አገር ሁሉ ሥጋ ሲበላ ባሌ የመጋዘን በር ላይ ነው። እስከ ፋሲካ እንግዲህ ሥጋ የለም። ዶሮ አሳርጄ ሠራሁና በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድሁ።

በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት እጁ ጠመንጃው ላይ ነው፤ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

«ተመለሽ» አለኝ በከንፈሩ ብቻ።

«አፍህን ክፈት።»

«ሐረግ፣ ዘብ ላይ ነኝ እኮ!»

«አፍህ ዘብ ላይ አይደለም።»

ግራ ቀኝ አየና ከፈተ። አጎረስሁት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምሁ። ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ ከነእንቁላሉ እንዳጎረስሁት መቶ አለቃው ከቢሮው ብቅ አለ። ደምሌ ጉንጩ እንደ ጡሩንባ ነፊ ተወጥሮ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የጠመንጃ ሰላምታ ሰጠ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መቶ አለቃው ቆመ። እኔን አየ፣ ሣህኑን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ነፋሱ ዛሬ በርትቷል» አለና ተመልሶ ገባ።

ክፉ ሰው አይደለም ልበል? ገና አልወሰንሁም።

ማክሰኞ የካቲት 12

ዛሬ ስንዴ ይታደል ነበር። ከወሎ በኩል የመጡት ከሌሊት ጀምረው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ደምሌን «አንተ በር ላይ የቆምህ፣ እግዜር ከክፉ ይጠብቅህ» ስትለው ሰማሁ። እሱ ጆንያውን ከመጋዘን እስከ መንገዱ ተሸክሞላት ሄደ። ይህ ሥራው አይደለም። ጾሙን ይዞ፣ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ።

ከኋላዬ አንዱ ነጋዴ «ወታደር ምን አለበት፣ ቆሞ ይከፈለዋል» አለ። ዞሬ «እስኪ አንተ እስከ ነገ ቆመህ እደር፣ እኔ እከፍልሃለሁ» አልሁት። ሱሪ ሊያሰፋ ቀጠሮ ነበረው፤ አይመጣም መሰለኝ። ይቅር።

ሐሙስ የካቲት 14

ጋሽ ጥጋቡ ተያዘ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ፣ ከትላንት ጀምሮ ቆሞ፣ ዛሬ ቀትር ላይ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ታቅፎ ተኝቶ መቶ አለቃው ራሱ አገኘው። በዘብ ላይ መተኛት ጨዋታ አይደለም። ፍርድ ይሰጠው ብሎ ወደ ጎንደር ሊልከው ነው አሉ።

ሲጠየቅ «ጌታዬ፣ ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» አለ አሉ። ሚስቱ ደጄ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ባላይ እስቅ ነበር።

ደምሌ መቶ አለቃው ዘንድ ገብቶ «ታሞ ነበር፤ ተቀመጥ ያልሁት እኔ ነኝ» ብሏል።

«እውነት ነው?» አልሁት።

«እዚያ ብኖር እለው ነበር። ታዲያ በምን ይለያል?» አለኝ።

ዓርብ የካቲት 15

ጥጋቡ ታሰረ። ሰባት ቀሩ። የጥጋቡንም ተራ ደምሌ ያዘው።

ትላንት ማታ ሄደ፣ ዛሬ ቤት አልመጣም።

የሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ገጠምሁ። ፈታሁ። እንደገና ገልብጬ ገጠምሁ።

ቅዳሜ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ከንግሡ በኋላ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አቶ አበጀም ነበሩ፣ የአገሩ አስታራቂ። ያልኋቸውን እዚህ አልጽፍም።

ይህን ብቻ ልበል። እኛ አገር ሰው ደም ቢቃባ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ድንበር ቢገፋ፣ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ዝም አይባልም። መቶ አለቃስ ከሰው አልተወለደም? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የኔ ከዚያ አይብስም።

ለደምሌ አልነገርሁትም። እንቅልፉን ላለማቋረጥ ነው።

ማክሰኞ የካቲት 19

እንደ ሆነው ልጻፈው።

አስመራ ያለው ጦር ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ አዛዦቹን ይዟል ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ገበያው ይንሾካሾካል። ቀን የጠፋ ይመስል፣ ዛሬውኑ ጠዋት አጎቴና አቶ አበጀ አንድ ቄስ ጨምረው፣ ነጭ ለብሰው መቶ አለቃው ቢሮ ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቢሮው በር ላይ ዘብ የነበረው ደምሌ ነው።

አጎቴ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቻችን ቆመው እያደሩ ነው። ሰው ነው፣ አጥር አይደለም። የሁለት ሰው ዘብ ለቆመ የሁለት ሰው ይከፈለው፣ አለዚያም እንደ አንድ ሰው ይቁም። ጥጋቡንም ስለ እመቤታችን ብለው ይማሩልን።»

መቶ አለቃው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «የጦሩን ጉዳይ ለሕዝብ ያወጣው ማነው? ማነው የላካችሁ?» አለ።

አጎቴ ሊመልሱ ሲሉ ደምሌ ከበሩ ገባና «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ።

ትጥቁን አስፈትተው ጥጋቡ ያለበት ክፍል አስገቡት።

«ልጄ፣ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ባልሽ በዓይኑ ዘጋኝ» አሉኝ አጎቴ። ይህን ብለው እንደ ልጅነቴ ራሴን ዳበሱኝ።

ሐሙስ የካቲት 21

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥፋቱ የመቶ አለቃው ነው። የአስመራዎቹም ነው። አጎቴም ቢሆኑ ሌላ ቀን መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ማክሰኞ ምን ቀን ነው? ቄሱን ማን ጨምሩ አላቸው?

እትዬ ይታይሽ «ያን ሽማግሌ የላከ ሰው እጁ ይሰበር» አለችኝ። «አሜን» አልሁ። ምን ልበል ሌላ?

የጾም ምግብ ይዤ ሄድሁ፣ አላስገቡኝም። በር ላይ ያለው ልጅ ሣህኑን ተቀበለኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ስድስት ቀረን» አለኝ። እንደ መርዶ ነው የነገረኝ።

ሰኞ የካቲት 25

አጎቴ ጉድ ሠሩ። «ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይገባም» ብለው የቅኔ ጉባኤያቸውን ከነተማሪዎቹ ወደ ካምፑ በር አዛወሩት። ባሕር ዛፉ ሥር አጎዛቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ተማሪው ዙሪያቸውን ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ ይቆጣሉ፣ እንደገና ይጀምራል። ዘቦቹ እንቅልፍ ሲያዳፋቸው የአጎቴ ቁጣ ያነቃቸዋል፤ ከመቶ አለቃው ይልቅ እሳቸው ዘቡን እያስጠበቁለት ነው።

መቶ አለቃው ወጥቶ «መሪጌታ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» ቢላቸው፣ «መንገዱ የንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ ጥላው የእግዜር ነው። የርስዎ ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው ነው፤ ወደዚያ አልገባንም» አሉት። ከዚያ ብርድ ነው ብለው ጋቢያቸውን ሊሰጡት ሞከሩ። አልተቀበለም። ግን አላባረራቸውም።

ደምሌ ግዕዝ አይገባውም። ቢሆንም አጎቴ ተማሪ ሲቆጡ ከውስጥ እየሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ሳቁ ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ።

ረቡዕ የካቲት 27

ዛሬ ሄድሁ። ለማንም አልነገርሁም።

«መቶ አለቃ፣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። ደምሌ አያውቅም» አልሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ላኩ?»

«ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካልና።»

«ማንና ማን ተጣላ?»

«እርስዎና የሰው እንቅልፍ።»

ይህን በመንገድ አስቤው ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምለውም ተዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። እንባዬ መጣና «ባሌን እወደዋለሁ» አልሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእሱ ለራሱ እንኳ በአፌ ብዬው አላውቅም። «እወደዋለሁ፤ ከዘብ ሲመጣ የማገኘው ግን ካፖርቱን ነው። ሰውየውን እዚህ ጨርሳችሁ ነው የምትልኩልኝ። ለጨረሳችሁት በወጉ ክፈሉት፤ አለዚያ ትንሽ አስቀሩልኝ።»

መቶ አለቃው ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ውጭ ተማሪዎቹ ይጮኻሉ።

«እኔም ለበላዮቼ ጽፌ ነበር» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ወታደር ሰዓት አይቆጥርም ብለው መለሱልኝ።» ቆየና «ምነው በዚያው ቀን በመጡ ኖሮ! የሃምሳ አለቃው ጉዳይ ከእጄ ወጥቷል፤ ወደ ላይ ተጽፏል» አለኝ።

በዚያው ቀን። እኔ ያን ሰሞን የማን ጥፋት እንደ ሆነ እየዘረዘርሁ ነበር።

ሰኞ መጋቢት 2

ተፈቱ! ደምሌም፣ ጋሽ ጥጋቡም። ጎንደር መላክ ቀርቷል። ጥጋቡን በታሰረበት ይበቃዋል ብለውታል፤ የደምሌ ግን ከላይ ውሳኔ ይጠብቃል።

መቶ አለቃው አዲስ ተራ አውጥቷል። ወጥ ቤቱም፣ ጸሐፊውም ዘብ ይወጣሉ። ራሱም ይወጣል፤ ጠመንጃ አንግቶ ስንዴውን ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ማንም ከስምንት ሰዓት በላይ አይቆምም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ተነሡ፣ አጎዛቸውን አራገፉ፣ መቶ አለቃውን መርቀው ጉባኤያቸውን ይዘው ሄዱ።

ደምሌ ቤት ገብቶ ተኛ። ልነግረው ነበር። ተኝቷል።

ረቡዕ መጋቢት 4

ተኝቷል። ያንኮራፋል። እንደዚህ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ሲነቃ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ መጋቢት 5

ነቃ። በላ። ቀለደብኝ፤ ከስቻለሁ አለ። አልነገርሁትም። ጥጋቡ ከነልጆቹ መጣና ቤቱ ሞላ።

ሰኞ መጋቢት 9

ለጦሩ ሁሉ ደመወዝ ተጨመረ። ሬዲዮው ተናገረ፣ ትእዛዙም ደርሷል። ካምፑ ውስጥ እልልታና ፉከራ ነው። ጋሽ ጥጋቡ መንገድ ላይ አቅፎ አነሣኝ፤ ለባሌ ሳይቀር ነገርሁበት።

በዚያው ፖስታ የደምሌ መጣ። ከሃምሳ አለቃ ወደ አሥር አለቃ ዝቅ ብሏል። የጦሩን ጉዳይ ለውጭ ሰው በማውጣቱ ይላል። እንግዲህ ጭማሪው ሁሉን ከፍ ሲያደርግ እሱን እዚያው በነበረበት ደመወዝ ላይ አስቀረው። የለመነላቸው ሰዎች አገኙ፤ እሱ አላገኘም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አለ እየሳቀ። «እኔ ስሾምም ዘብ፣ ስሻርም ዘብ። ምን ይቆጨኛል?»

እኔ አልሳቅሁም። ጓዳ ገብቼ ዱቄት የምነፋ መሰልሁ።

እሑድ መጋቢት 15፣ ገብር ኄር

ዛሬ የታማኙ አገልጋይ እሑድ ነው። አጎቴ ሲያስተምሩ ወደ ምድር እያየሁ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደምሌ የደንብ ልብሱን አምጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። «የላይኛዋን የማዕረግ መስመር አውጪልኝ። ነገ በሁለት መስመር መታየት አለብኝ። ሌላ ሰፊ እንዲነካት አልፈልግም» አለኝ። ከጎኔ መደቡ ላይ ተጋደመ።

በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ መፍታት ጀመርሁ። የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ ጠንክሬ ነው የሰፋኋት፣ አልወጣ አለችኝ። ስትወጣ ከሥሯ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው እንደ አዲስ ነው። ሁለተኛውን እጅጌ ስይዝ አልቻልሁም።

«ደምሌ፣ እነዚያን ሽማግሌዎች የላክሁ እኔ ነኝ» አልሁት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አጎትሽ በበሩ ሲያልፉ ጀምሮ። ሌላ ማን ይልካቸዋል?»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልህ? ለምን አልተናገርህም? ማዕረግህን እኮ ነው በእጄ የምፈታው!»

የተኛ መሰለኝ፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው፣ ጣሪያውን ያያል።

«አንቺን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ እኔ ነኝ» አለ። «ወንድሜ ሚስቱን ሲያስኮርፍ የላክሁ እኔ። አባቴ ከጎረቤቱ ሲጋጭ የላክሁ እኔ። ዕድሜዬን ሽማግሌ ስልክ ኖርሁ። ለደምሌ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን በር ላይ ቆሜ ‹ሰው ነው፣ አጥር አይደለም› ሲሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ነው፣ ሐረግ። ስለ እኔ ነበር የሚሉት። ታዲያ ይህን ያደረገልኝን ሰው ለክር ብዬ አሳልፌ ልስጥ?»

ምላጩን አስቀመጥሁ። መርፌውንም፣ ልብሱንም አስቀመጥሁ። ሄጄ አጠገቡ ጋደም አልሁ። ቀን ነበር፣ ልጆች ውጭ ይጫወቱ ነበር፣ በሩን እንኳ አልዘጋሁም። ከጥምቀት ወዲህ እኔም በወጉ አልተኛሁም ነበር።